ነገርን ከሥሩ፦ በቤት ውስጥ በደረሰ ግድያ ላይ ስለሚቀርብ ይግባኝ



«ይግባኝ» የሚለው ቃል ዛሬ በመዝገብ ቤት መስኮት የሚቀርብ የማመልከቻ ስም ሆኖ ቢቀርም፣ ከሥሩ ሲታይ ልመና ነው፤ ነገሬ ወደ ላይኛው ዳኛ ይግባልኝ ማለት ነው። ባላገሩ ከአጥቢያ ዳኛ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ፣ ዘውዱ እስከ ወረደበት እስከ 1967 ዓ.ም. መባቻ ድረስ፣ ዙፋን ችሎት ፊት ቆሞ ሲጮህ የሚጠይቀው ምሕረት ብቻ አልነበረም። ነገሩ እንደገና እንዲታይለት ጭምር ይጠይቅ ነበር። ምሕረት ከሰጪው ልብ የሚመነጭ ነው፤ እንደገና መታየት ግን ከሕጉ የሚመነጭ መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 ይግባኝን ከተከሰሱ ሰዎች መብቶች ጋር የደነገገውም ስለዚህ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በየትኛውም የወንጀል ጉዳይ ይሠራል። ይልቁንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ከነበሩ ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን በገደለበት ጉዳይ ላይ ልዩነቱ የሰው ዕድሜ ይወስናል። በእንዲህ ያለው መዝገብ «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አከራካሪ አይሆንም። ገዳዩ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ይገኛል፤ ወይም በማለዳ ተነሥቶ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። አከራካሪው «ይህ ግድያ የትኛው ዓይነት ግድያ ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ግድያው በተፈጸመበት ሌሊት ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሌሊት በፊት በነበሩት ዓመታት ውስጥም ነው። እነዚያን ዓመታት ወደ መዝገቡ ያላስገባ ጠበቃ በይግባኝ ጊዜ የሚቀረው ልመና ብቻ ይሆናል።

ሕጉ ያበጃቸውን ደረጃዎች አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል። በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አስቦ ሰው መግደልን በቁጥር 522፣ 523 እና 524 በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ይህንኑ አከፋፈል በአንቀጽ 539፣ 540 እና 541 ይዞ ቀጥሏል። ከባድ የግፍ አገዳደል በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ያስቀጣል። ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት፣ ቀላል የሰው ግድያ ደግሞ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያስቀጣል። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የቆመው አንቀጽ 78 ነው፤ ሊደርስ ከተቃረበ ወይም ከደረሰ ሕገ ወጥ ጥቃት ራሱን ወይም ሌላውን በተመጣጠነ መንገድ የተከላከለ ሰው አይቀጣም ይላል። አንቀጽ 79 ደግሞ የመከላከልን መጠን ላለፈ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዝዛል፤ መጠኑ የታለፈው በጥቃቱ ምክንያት ይቅርታ በሚገባው ፍርሃት ወይም ድንጋጤ እንደሆነም ቅጣት ሳይወሰን የሚታለፍበትን መንገድ ይከፍታል።

እንግዲህ ድርጊቱ አንድ፣ ሬሳውም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከሞት ቅጣት እስከ ነጻ መለቀቅ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ ርቀት የሚለካው ማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ የሚሰበሰበው በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ነው።

ነገሩ በቦንጋና በአካባቢዋ ምን መልክ እንደሚይዝ መመልከት ያሻል። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከተመሠረተ ወዲህ ከክልሉ ዋና ከተሞች አንዷ ሆናለች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የካፋ ገበሬ ቤት በእንሰት ተከቦ፣ ከጎረቤቱ በቡና ጥላና በደን ተለይቶ ይገኛል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። በሌሊት የተሰማ ጩኸት ከየትኛው ቤት እንደመጣ ጎረቤት በእርግጥ ለመናገር ይቸገራል። ፖሊስ ከሥፍራው የሚደርሰው ነግቶ፣ ሬሳው ተነሥቶ፣ ወለሉ ተጠርጎ ሊሆን ይችላል። በሟች አካል ላይ የሚደረገው የሕግ ሕክምና ምርመራም ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተወስኖ የቆየ አገልግሎት ነበር። ስለዚህ በዳር አገር የሚጻፈው የሐኪም ማስረጃ ስለ ቁስሉ አቅጣጫና ጥልቀት፣ ስለ ምቱ ቁጥር፣ በገዳዩም ሰውነት ላይ ስላለው የቆየ ጠባሳ ሳይገልጽ በአንድ አንቀጽ ሊያልቅ ይችላል።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል። የገጠር ምስክር የሚያስበውም ሆነ የሚናገረው በካፊኖኖ ሲሆን፣ መዝገቡ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ምስክሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተናገረው «ሁልጊዜ ነበር» የሚል ሐሳብ በችኮላ ሲተረጎም «አንዳንድ ጊዜ ይጣሉ ነበር» ሆኖ ቢጻፍ፣ ይግባኝ ሰሚው ችሎት የሚያነበው የተተረጎመውን እንጂ የተነገረውን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘትን መብት የደነገገው ለተከሳሹ ነው። ይሁን እንጂ የምስክሩ ቃል በትክክል ካልተተረጎመ የተከሳሹም መብት ጎዶሎ ይሆናል።

የማንም ሰው ጉዳይ ያልሆነ፣ ለምሳሌ ብቻ የተሰናዳ መዝገብ ይታሰብ። አንዲት የገጠር ሴት ባሏን በተኛበት በገጀራ መትታ ገደለችው። ስትያዝ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። ፍርድ ቤቱ ሟቹ ተኝቶ እንደነበረ፣ ሴቲቱ ገጀራውን ከጓዳ እንዳመጣች፣ ምቱም ከአንድ በላይ እንደነበረ አረጋግጦ በአንቀጽ 539 ጥፋተኛ አላት። የይግባኝ ማመልከቻው «የልጆች እናት ነኝ፤ ድሀ ነኝ፤ ተጸጽቻለሁ» የሚል ሆነ። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለቅጣት ማቅለያም ይጠቅም ይሆናል። የጥፋተኝነቱን አንቀጽ ግን አይነካውም።

ይግባኙ ሊያነሣቸው የሚገቡት ነጥቦች ሌሎች ነበሩ። አንደኛ፣ አንቀጽ 539 አስቀድሞ ማሰብን ለብቻው የሚቀጣ ድንጋጌ አይደለም። አስቀድሞ ማሰቡ፣ ምክንያቱ፣ መሣሪያውና አፈጻጸሙ ገዳዩ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ መሆን አለበት። ገጀራ በካፋ ገበሬ ቤት ከማረሻና ከመጥረቢያ ጋር የሚቀመጥ የዕለት መሣሪያ ነው፤ ከጓዳ መነሣቱ ብቻውን የተለየ ጭካኔን አያስረዳም። ሁለተኛ፣ አንቀጽ 541 የሚናገረው ስለ ድንገተኛ ድንጋጤ ብቻ አይደለም። «ወይም» ብሎ፣ ሁኔታዎች ግልጽ ባደረጉትና በመጠኑም ይቅርታ በሚያሰጠው ብርቱ የስሜት መነሣሣት ውስጥ ሆኖ የገደለውንም ይመለከታል። ሁኔታዎቹ እነማን ናቸው? ከዚያ ሌሊት በፊት የነበሩት ድብደባዎች፣ የሽማግሌ ዕርቆች፣ ከጤና ጣቢያ የተወሰዱ የሕክምና ካርዶች፣ ሴቲቱ ወደ ወላጆቿ ቤት ሸሽታ የተመለሰችባቸው ጊዜያት ናቸው። ሦስተኛ፣ ስለ አእምሮዋ ሁኔታ ጥርጣሬ ካለ አንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲጠይቅ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 49ም ከፊል ኃላፊነትን ያውቃል። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከቦንጋ የሚርቀው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር በሌላው ዓለምም ረጅም መንገድ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዝ አገር ለዓመታት ያሠቃያትን ባሏን የገደለች ዱፊ የተባለች ሴት በነፍስ ግድያ ተፈርዶባት ይግባኝ ብላ ነበር። በዚያ ጉዳይ የጸናው መመሪያ ቁጣው ድንገተኛና ራስን ያሳተ መሆን አለበት የሚል ሲሆን፣ የቆየ በደል ለብቻው እንደማይበቃ ያስረዳ ነበር። ይህ መለኪያ የተሠራው ወዲያው ለሚፈነዳ ቁጣ ነው፤ በፍርሃት ተይዞ ቀስ በቀስ ለሚሞላ ልብ ግን ጠባብ ሆኖ ተገኘ።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ኪራንጂት አህሉዋሊያ የተባለች ሴት አሥር ዓመት ያህል ሲደበድባት የኖረውን ባሏን በተኛበት በቤንዚን አቃጥላ ገደለችው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የይግባኙ ፍርድ ቤት ስለ ቁጣ መነሣሣት የቀረበውን የይግባኝ ምክንያት አልተቀበለውም። ቢሆንም በጊዜ መዘግየት ምክንያት ብቻ ክርክሩ ዝግ እንደማይሆን ገለጸ። ፍርዱን የሻረውና ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ያዘዘው ግን በመጀመሪያው ችሎት ሳይቀርብ በቀረ የሕክምና ማስረጃ ነው፤ ሴቲቱ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ትሠቃይ ነበር። በመጨረሻም ከነፍስ ግድያ ባነሰ ወንጀል ተፈርዶባት የታሠረችበት ጊዜ እንደ ቅጣት ታስቦላት ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2011 የተፈረደባት ሳሊ ቻለንም በ2019 ፍርዱ የተሻረላት በአዲስ የሥነ አእምሮ ማስረጃ ምክንያት ነበር። በዚያ ጊዜ ባል ሚስቱን ያለ ዱላ፣ በቁጥጥርና በማስገደድ ብቻ ሊያስጨንቃት እንደሚችል የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2015 ዕውቅና ሰጥቶ ነበር።

ከእነዚህ ጉዳዮች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሁለቱም ሴቶች በይግባኝ የረቱት ዳኞች ስላዘኑላቸው ሳይሆን፣ ቀድሞ መቅረብ የነበረበት ማስረጃ ዘግይቶም ቢሆን ስለቀረበ ነው። መዘግየቱ ግን አንዷን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል፣ ሌላዋን ከስምንት ዓመት በላይ እስራት አስከፍሏቸዋል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ከአሮጌው የእንግሊዝ መመሪያ የሰፋ ነው፤ ምንጩ ሌላ ነውና። የስዊስ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 113 ሁኔታዎች ይቅርታ የሚያሰጡትን ብርቱ የስሜት መነሣሣት ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ደግሞ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ከባድ የመንፈስ መከራን በግልጽ ጨምሮበታል። ይህ ጭማሪ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ውስጥ በቃል አልገባም። ነገር ግን «ሁኔታዎች» የሚለው ቃል በአንቀጽ 541 ውስጥ አለ፤ ቃሉን በማስረጃ መሙላት የጠበቃው ሥራ ነው።

በአገራችን ታሪክ በስፋት የታወቀው ተቀራራቢ ጉዳይ በአርሲ የተነሣው ነው። በ1989 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጃገረድ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና በባልደረቦቻቸው የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። ከሁለት ዓመት ያህል ክርክር በኋላም ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ጸንቶ በሚቆይ ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዲቀር የሚፈቅድ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን በር ዘግቷል። ያ ጉዳይ በነጻ መለቀቅ ያበቃው ተከላካዮቹ ነገሩን ከተኩሱ ሳይሆን ከጠለፋው ስለ ጀመሩት ነው። ክርክሩ ከተኩሱ ቢጀምር ኖሮ በችሎቱ ፊት የምትታየው ጠመንጃ የያዘች ገዳይ ብቻ ትሆን ነበር።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለገዳይ ሴቶች ጥብቅና የመቆም ያህል መስሎ እንዳይታይ፣ የምሳሌው ሌላ ገጽታ መነሣት አለበት። ባል ሚስቱን ገድሎ በይግባኝ ሲቀርብ የተለመደው ክርክር «ሰደበችኝ፤ ከሌላ ሰው ጋር አየኋት፤ ደሜ ፈላ» የሚል ነው። ይህን የሚያስተባብል ምስክር የለም፤ ምስክሯ ተቀብራለችና። የገዳዩ ቃል ብቻ የቤቱ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የቤቱን ዓመታት ወደ መዝገቡ የማስገባት ግዴታ የሚወድቀው በዐቃቤ ሕጉ ላይ ነው። ሴቲቱ ቀደም ሲል ለፖሊስ አመልክታ ነበርን? ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ አስታርቀዋቸዋል? ከልጆቹ መካከል ነገሩን የሚያስረዳ አለን? በ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ተለይቶ ተደንግጓል፤ ከግድያው በፊት በዚህ አንቀጽ የተከፈተ መዝገብ ካለ የባልን «ድንገተኛ ቁጣ» ይመረምራል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሕግ ቁጣው ድንገተኛ መሆን አለበት የሚለውን መለኪያ አንሥተዋል፤ በዚያው ሕግ የትዳር ጓደኛ አለመታመን ለብቻው ለግድያ ማቅለያ ምክንያት እንዳይሆን ደንግገዋል። በአንድ ሕግ ለአንዱ በር ሲከፈት ለሌላው ሲጠብ ማየት የሚያስገርም አይደለም፤ ሁለቱም የሚመነጩት የቤቱን ታሪክ ሙሉ አድርጎ ከማየት ነውና።

ስለዚህ ስሕተቱ ሁለት ፊት አለው። ታሪኩ ሳይነገር ሲቀር ለዓመታት የተሠቃየችው ሴት በተኛ ሰው ላይ የጨከነች ተብላ ወደ አንቀጽ 539 ትወጣለች። ለዓመታት ያሠቃየው ባልም በአንድ ቀን ስድብ የተበሳጨ ተብሎ ወደ አንቀጽ 541 ይወርዳል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ፍርድ ነው።

የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ለዚህ መሣሪያ አላጎደለም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በከባድ የግፍ አገዳደል ክስ ቀዳሚ ምርመራ እንዲደረግ ደንግጓል። በዚያ ደረጃ በጥንቃቄ የተጻፈ የምስክር ቃል ምስክሩ ኋላ ቢሞት ወይም ቢጠፋ እንኳ አብሮ አይሞትም። ቁጥር 187 የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ የይግባኙ ማመልከቻም የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ አዟል። ቁጥር 194 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተጨማሪ ማስረጃ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ምክንያቱን መዝግቦ እንዲቀበል ሥልጣን ሰጥቷል። ቁጥር 195ም ጥፋተኝነቱን የመሻርና ቅጣቱን የመለወጥ ሥልጣኑን ዘርዝሯል። ከዚያ በላይ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ ነው። እዚያ ከተደረሰ በኋላ «ጎረቤት ይጠየቅልኝ» ማለት አይቻልም።

በዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የግድያ ክስ ይዞ የሚቆም ባለሙያ፣ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ተከላካይ፣ ከመጀመሪያው ቀን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች እንግዲህ እነዚህ ናቸው። በቤቱ ውስጥ ከዚህ በፊት ምን ይደረግ ነበር? ማን ያውቃል? ያስታረቁት ሽማግሌዎች ተጠርተዋልን? የጤና ጣቢያው ካርድና የሆስፒታሉ መዝገብ ተፈልጓልን? በተያዘው ሰው ሰውነት ላይ ያሉት የቆዩ ጠባሳዎች በሐኪም ተመዝግበዋልን? የምስክሩን ቃል የተረጎመው ሰው ቋንቋውን በሚገባ ያውቃልን? ሽማግሌው «የቤት ገበና ነው፤ አይወራም» ቢል፣ ገበናን መሸፈን ለሕያዋን ቤት የሚገባ ጨዋነት ቢሆንም፣ ከሁለቱ አንዱ ሞቶ ሌላው በሞት ቅጣት ፊት ሲቆም ዝምታው ፍርድን እንደሚያጣምም ሊገለጽለት ይገባል።

ይግባኝ ሰሚ ዳኞች ሥራቸውን የሚሠሩት ከወረቀት ነው። ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ተቀምጠው በእንሰት የተከበበውን ቤት፣ የጭቃውን መንገድ፣ በሩቅ የተሰማውን ጩኸት የሚያዩት መዝገቡ ባሳያቸው መጠን ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ዓመት ለእነርሱ ያልኖረ ዓመት ነው። እናታቸው መቃብር፣ አባታቸው ወኅኒ የገቡባቸው ልጆች፣ ወይም አባታቸው መቃብር፣ እናታቸው ወኅኒ የገቡባቸው ልጆች፣ አንድ ቀን አድገው መዝገቡን ያስወጡ ይሆናል። ያን ጊዜ በቤታቸው የሆነውን ሁሉ ሙሉ ሆኖ ተጽፎ እንዲያገኙት ማድረግ የሕግ ባለሙያው ዕዳ ነው።